ማርክ ስሪዬ ኤረር 30 አለኝ፤ ላሠራው ወይስ ልቀይረው?

ፎቶ_ባሕርዳር፦

ጤና ይስጥልኝ የሙያ ጓደኞች። ሥራዬ ሠርግ፣ ክርስትና እና ምርቃት ነው። ካሜራዬ ካኖን 5ዲ ማርክ ስሪ ነው፤ ያገለገለ ገዝቼው ብዙ እንጀራ በልቼበታለሁ። ባለፈው እሑድ ክርስትና ላይ፣ ካህኑ ሕፃኗን ሊያጠምቁ ሲሉ ጫን አደረግኩት፣ «ቸክ» ብሎ ቀረ። ስክሪኑ ላይ ኤረር 30። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ባትሪ አወጣሁ፣ ሌንስ ቀየርኩ፤ ያው ነው። የቀረውን በረዳቴ ካሜራ ጨረስነው።

እዚህ የሚከፍተው ሰው ስላላገኘሁ አዲስ አበባ ደወልኩ። «ሸተሩ ነው፣ ላኪው፣ እንቀይርልሻለን» አሉኝ፤ ፎቶ ሲነሣ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ፊት የሚከፈት የሚዘጋውን መጋረጃ ማለታቸው ነው። የጠሩልኝ ዋጋ፣ ያገለገለ ማርክ ስሪ ከሚሸጥበት ሲሶ ይሆናል። ባለቤቴ ደግሞ «በአሮጌ ዕቃ ላይ ብር አታፍሺ፣ ጨምረሽ ሌላ ግዢ» ይላል። ያሉኝ ሌንሶች 24-70 እና 85 ናቸው፣ ሁለቱም የካኖን። ለጥር ቀብድ የተቀበልኩባቸው ሠርጎች አሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ፍላሽ_አዳማ፦

እህቴ፣ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) ግዢና ተገላገይ። ያገለገለ የካኖን ኢኦኤስ አር ፈልጊ። በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) ሌንሶችሽ ሁሉ ይሠራሉ። እንዳንቺው ባለ መስታወት ካሜራ፣ ዲኤስኤልአር ላይ ብር ማፍሰስ ይብቃ።

ካሜራ_ጥገና፦

እህቴ፣ ከመላክሽም ከመግዛትሽም በፊት ትንሽ ታገሺ። ማርክ ስሪ ብዙ ከፍቻለሁ።

ኤረር 01 ቢሆን ኖሮ የሌንሱን የብረት ነጥቦች በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ እልሽ ነበር። 30 ግን የሸተር ነው፣ በመጥረግ አይለቅም። ባትሪ ግሪፕ (ከካሜራው ሥር የሚገጠም ተጨማሪ የባትሪ መያዣ) ካለሽ ፍቺውና አንዴ ሞክሪ። እምቢ ካለ ሌንሱን አውጪ፣ ሙሉ ባትሪ ክተቺ፣ ከሜኑው ሴንሰርን በእጅ ማጽጃ የሚለውን ምረጪ። መስታወቱ ወደ ላይ ይነሣል። ከኋላው ሴንሰሩ ሲያብለጨልጭ ካየሽ መጋረጃው ቢያንስ ይከፈታል ማለት ነው። ጥቁር ስስ ቅጠሎች ካየሽ፣ በተለይ አንዱ ተጣሞ ወይም ከቦታው ወጥቶ ከሆነ፣ ሸተሩ አልቆለታል። በጣት እንዳትነኪው። በአፍሽም እንዳትነፊበት።

ማለቁ ደግሞ አይግረምሽ። ካሜራው በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ካኖን ሸተሩን ለ150,000 ምት የሚሆን ነው ያለው። በአንድ ሠርግ 2,000 ፎቶ ብታነሺ ይህ 75 ሠርግ ነው። ሸተር እንደ መኪና ጎማ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ጎማ አለቀ ተብሎ መኪና አይሸጥም።

እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ጣና ላይ ጀልባ ውስጥ ሙሽሮች ስለምታነሡ ልጠይቅሽ፦ ውኃ ነክቶት ያውቃል? ውኃ የገባበት ቦዲ (ያለ ሌንስ ካሜራው ራሱ) ሲመጣልኝ መልሼ እሰጣለሁ። ቦርዱ ከዛገ ዛሬ ይነሣል፣ በሌላ ቀን ሠርግ መሃል ይተኛል። እንዲያ ከሆነ ባለቤትሽ ልክ ነው፣ አንድ ብር አታውጪበት።

ዋጋውን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ ሸተሩ አዲስ ነው ወይስ ከሞተ ቦዲ የተነቀለ? አዲሱ እንደ ድሮው በቀላሉ አይገኝም። የተነቀለው ስንት እንደሠራ ደግሞ ማንም አያውቅም። ለአዲስ ሲሶ ቢሉሽ ያስማማል። ለተነቀለ ሲሶ ካሉሽ ግን በደንብ ተከራከሪ።

ፍላሽ_አዳማ ያለው ውሸት አይደለም። አዳፕተሩ ጥሩ ነው፣ ፎከሱ አይጠፋም፣ ባትሪሽም ይገባበታል። ነገር ግን ኢኦኤስ አር አንድ ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው። ማርክ ስሪ ሁለት ይቀበላል፣ ሲኤፍ እና ኤስዲ። የሠርግ ፎቶ ያለበት ካርድ ተበላሽቶበት እኔ ጋ የመጣ ፎቶ አንሺ ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ ለሞዴል፣ ለዕቃ ማስታወቂያ ቢሆን አንድ ካርድ ይበቃሻል። ለሠርግ ግን አይበቃም።

ደግሞ ጥር ሲደርስ አዲስ ካሜራ መልመድ አይመከርም። ጣትሽ ቁልፉን ሲፈልግ ሙሽራዋ ከመኪና ወርዳ ገብታለች።

ሐበሻ_ዱባይ፦

ከዚህ ያገለገሉ ቦዲዎች የሚልኩ ሰዎች አውቃለሁ፤ እኔም ለጓደኞቼ ልኬያለሁ። ሐምሌ 2016 የብሩ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሒሳቡ ሌላ ሆኗል። በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረውን ዶላር እያሰብሽ ዋጋ ብትገምቺ ትደነግጫለሽ።

ያገለገለ ማርክ ፎር፣ የማርክ ስሪን ተከታይ፣ ልግዛ ካልሽ ደግሞ ሸተሩ ስንት እንደመታ ሳታዪ እንዳትከፍዪ። ኒኮን ቢሆን ቁጥሩ ፎቶው ፋይል ውስጥ ይጻፋል። ካኖን 5ዲዎቹ ግን አይጽፉም፤ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው በሶፍትዌር ያሳዩሽ። «ብዙም አልተሠራበትም፣ የቤት ነው» የሚሉሽን እሺ በያቸውና ኬብሉን ጠይቂ። አለዚያ የራስሽን ያለቀ ሸተር ትተሽ የሌላ ሰው ሊያልቅ የደረሰ ሸተር በብዙ እጥፍ ትገዣለሽ።

ፎቶ_ባሕርዳር፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ያልከኝን አደረግኩ ወንድሜ። ሴንሰሩ አይታይም፤ ከቅጠሎቹ አንዱ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ውኃ ነክቶት አያውቅም፣ ጀልባ ላይ ስሠራ በፕላስቲክ ነው የምጠቀልለው። ደውዬ ስጠይቅም ሸተሩ የተነቀለ ነው አሉኝ፤ «ስንት መቷል?» ስላቸው ሳቁ። አዲስ ያለው ሌላ ቤት አገኘሁ፣ ትንሽ ይወደዳል። ባለቤቴም የማርክ ፎርን ዋጋ ከሰማ በኋላ ዝም ብሏል። ላሠራው ነው። እስኪመለስ ከጓደኛዬ ሁለተኛ ቦዲዋን እከራያለሁ።

ካሜራ_ጥገና፦

ጥሩ። ሲመለስልሽ ቀሪውን ክፍያ ከመስጠትሽ በፊት እዚያው ሞክሪው፣ ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ይሞክርልሽ። ነጭ ግድግዳ በ1/8000 ሰከንድ ፍጥነት አንሺ። የፎቶው አንዱ ጎን ከሌላው ከጠቆረ መጋረጃዎቹ እኩል አይሄዱም ማለት ነው፣ መልሺላቸው። ከዚያ ፍላሽ ሰክተሽ በ1/200 አንሺ፤ ጥቁር መስመር መታየት የለበትም። ለመክፈት መስታወቱ ያለበት ክፍል ስለሚወጣ ፎከሱም ሊዛነፍ ይችላል። የ85ቱን ሌንስ ቀዳዳ ሙሉ ከፍተሽ የሰው ዓይን ላይ ሞክሪ። ቅንድቡ ጠርቶ ዓይኑ ከደበዘዘ ያስተካክሉልሽ።

የዋስትና ጊዜውን በወረቀት አጽፊ፣ የቦዲውን ሴሪያል ቁጥርም ጽፈሽ ያዢ። ስትልኪ ሌንስም ካርድም አብረሽ አትላኪ። ቦዲውን ብቻ፣ ክዳኑን ገጥመሽ፣ ባትሪ ለሙከራ አንድ ጨምሪበት።