በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ሶፍትዌር ኮዱ ለሕዝብ ይከፈት?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። ፋይዳ መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በሚባል ክፍት ኮድ ላይ ነው፤ ኮድ ማለት ሶፍትዌሩ የተጻፈበት የፕሮግራም ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ባንጋሎር በሚገኝ የመረጃ ቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረ ሥራ ሲሆን ፊሊፒንስና ሞሮኮም ወስደውታል። መሠረቱን ማንም አውርዶ ማንበብ ይችላል። መሥሪያ ቤቶች በግብራችን የሚያሠሯቸው ሌሎቹ ሶፍትዌሮችስ? ይከፈቱ ወይስ አይከፈቱ?

የጤና መረጃ ሠራተኛ፣ ጎንደር፦ ይከፈቱ! ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ቀድሞ እሠራበት በነበረ ጤና ተቋም የካርድ ክፍሉን ሶፍትዌር ያስገባልን ድርጅት ሥራውን ትቶ ጠፋ። ስልክ ቢደወል አይነሣም። አንድ ቀን ጠዋት ኮምፒውተሩን ስንከፍት «የአገልግሎት ጊዜዎ አልቋል» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ካርድ ፈልጎ ማግኘት አልተቻለም። መረጃው እዚያው አለ፣ ባክአፑም አለ፣ የተቀመጠበትን መልክ የሚያውቀው ግን ያ ድርጅት ብቻ ነበር። ልጅ ያዘሉ እናቶች ወረፋ ላይ ቆመው እኛ የድሮ መዝገብ ከመደርደሪያ እያወረድን አቧራ እናራግፍ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ በእጅ መልሰን ጻፍን። አሁን ሪፖርት የምንልክበት ዲኤችአይኤስ2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ኮድ ነው፤ የኛን ዘመን አቆጣጠር ሳይቀር ያውቃል። ጳጉሜን እንዲጨምርልን የማንንም ደጅ አንጠናም።

የባንክ ኔትወርክ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ፦ እህቴ፣ የደረሰብሽ ያሳዝናል፤ ግን የውል ጉድለት ነው። «መረጃው በሚነበብ መልክ ይሰጠናል» የሚል አንቀጽ ቢኖር ኮዱ ተዘግቶም አትቸገሩም ነበር። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ የኤክስዚ ጉዳይ ነው። ፋይል ማመቂያ የሆነች ትንሽ ሶፍትዌር ናት፤ ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ያለበት ቦታ ሁሉ አለች። «ጂያ ታን» በሚል ስም የመጣ ሰው ከ2021 ጀምሮ ጥሩ ጥሩ ማስተካከያ እየላከ ታመነ። ከዚያ በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች የጓሮ በር፣ ማለትም ሳይታወቅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ስውር መንገድ፣ ተቀበረ። ልብ በሉ፦ ተንኮሉን የሚቀሰቅሰው መስመር ሁሉም በሚያየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም፤ ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። መርዙም የመሞከሪያ ፋይል መስሎ ተቀምጧል። «ክፍት ነው፣ ሁሉም ያየዋል» የምትሉት ምኑን አይቶ ነው?

ፕሮግራመር፣ ሜሪላንድ፦ ወንድሜ፣ ታሪኩን ጨርሰው እንጂ! አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ሌላ ነገር ሲሞክር ኤስኤስኤች ሎግኢን፣ ማለትም ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግባቱ፣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ግማሽ ሰከንድ! ቆፍሮ ቆፍሮ ደረሰበትና ማርች 29 ቀን 2024 ለዓለም አሳወቀ። እትሞቹ ወደ አብዛኛው ሰርቨር ገና አልደረሱም ነበር። የኤክስዚ ኮድ ዝግ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው መዘግየቱን አይቶ፣ ለሻጩ ኢሜይል ልኮ፣ መልስ እየጠበቀ ይቀር ነበር።

የባንክ ኔትወርክ ባለሙያ፦ ያ ዕድል ነው። የአገር ደኅንነት በዕድል አይጠበቅም። ሃርትብሊድ የተባለው ስሕተትስ? የኢንተርኔት ግንኙነትን በሚያመሰጥረው ሶፍትዌር በኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ገብቶ እስከ ኤፕሪል 2014 ድረስ ሳይታወጅ ቆየ። ያን ጊዜም ኮዱ ክፍት ነበር።

ፕሮግራመር፣ ሜሪላንድ፦ በዚህስ ልክ ነህ፣ አልከራከርህም። ነገር ግን ኤክስዚን ማን ነበር የሚንከባከበው? ላሴ ኮሊን፣ ብቻውን፣ ያለ ደመወዝ። ደክሞት ሳለ ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች «ለሌላ አስረክብ» እያሉ ወተወቱት። እኔ ከዚህ የማየው ጥፋት የኮዱ መከፈት አይደለም። ሚሊዮኖች በነጻ እየተጠቀሙበት አንድ ሰው እንኳ አጋዥ አለመቅጠሩ ነው።

ጡረታ የወጡ የግዢ ባለሙያ፦ ልጆቼ፣ እኔ ኮድ አላውቅም፤ ጨረታ ግን ብዙ አይቻለሁ። ሰነዱ ላይ የኮምፒውተሩ ብዛትና የዋስትናው ዘመን በዝርዝር ይጻፋል፤ «ኮዱ የማን ነው?» የሚለው አይነሣም። ሻጩ አንዴ ከገባ በኋላ ለእያንዳንዷ ማሻሻያ የጠራውን ዋጋ ትከፍላላችሁ፤ ሌላ ተወዳዳሪ የለማ! ኮዱ የመንግሥት ንብረት ነው ተብሎ ከተፈረመ ግን ሁለተኛው ጨረታ እውነተኛ ጨረታ ይሆናል።

የባንክ ኔትወርክ ባለሙያ፦ ጋሼ ያነሡት አሳምኖኛል። እንግዲህ አቋሜን ላስተካክል፦ ኮዱ ይከፈት፤ ግን በዚያው ውል ኮዱን የሚፈትሹና የሚጠግኑ ሰዎች ደመወዝ ይያዝ። የይለፍ ቃልና የሰርቨር አደረጃጀት ደግሞ ፈጽሞ አይውጣ። በጀቱ ሳይያዝ ይከፈት ከተባለ ግን አሁንም ተቃዋሚ ነኝ።

የጤና መረጃ ሠራተኛ፣ ጎንደር፦ በዚህ እስማማለሁ። የሚጠግነው ሰው ግን አዲስ አበባ ብቻ አይቀመጥ። እኛ ጋ ኔትወርክ በሌለበት ቀን ምን እንደሚበላሽ የሚያውቀው እዚህ ያለው ነው።

አወያይ፦ ነገ ማታ 2 ሰዓት በውሉ አንቀጾች እንቀጥላለን። በእጃችሁ የሶፍትዌር ውል ያላችሁ የድርጅቱን ስም ሸፍናችሁ የባለቤትነቱን አንቀጽ ላኩልን።