የአማርኛ ጽሑፍ ያለበትን ጊፍ ቴሌግራም ላይ ትልቅ አድርጎ ለመላክ (ጥያቄና መልስ)

ፀደይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለእንቁጣጣሽ የተሠራ ጊፍ አለኝ፤ አደይ አበባ ትፈካና «እንኳን አደረሰሽ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። 120 በ120 ፒክስል፣ 4 ሰከንድ፣ ባክግራውንዱ ትራንስፓረንት (ከኋላው ያለውን የሚያሳይ) ነው። ግሩፕ ላይ ስልከው ግን ባክግራውንዱ ይጠቁራል፣ ጽሑፉም ይደበዝዛል። ሳጥን ሳይኖረው እንደ ስቲከር ትልቅ ሆኖ እንዲታይ ምን ላድርግ? ፕሪሚየም (የሚከፈልበት የቴሌግራም አገልግሎት) የለኝም።

ብሩክ፦ የሚጠቁረው ቴሌግራም ጊፍን ድምፅ አልባ ኤምፒ4 ቪዲዮ ስለሚያደርገው ነው፤ እዚያ ውስጥ ትራንስፓረንት የሚባል ነገር አይተርፍም። ጊፉን ምንም ብታስተካክዪው ያው ነው፣ ቪዲዮ ስቲከር አድርጊው። የሚፈለገው ዌብኤም (.webm) የሚባል የቪዲዮ ፋይል በቪፒ9 ኮዴክ (የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ) ነው፤ አንዱ ጎን ልክ 512 ፒክስል፣ ሌላው ከዚያ የማይበልጥ፣ ርዝመቱ እስከ 3 ሰከንድ፣ በሰከንድ እስከ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ክብደቱ እስከ 256 ኪሎባይት፣ የድምፅ ትራክ የሌለው። ስለዚህ ከ4ቱ ሰከንድ አንዱ ይቆረጣል። ይህን ለመላክ ፕሪሚየም አያስፈልግም። ፕሪሚየም የሚጠይቀው ከጽሑፍ መሃል የሚገባው ከስተም ኢሞጂ ነው፤ እሱ ደግሞ 100 በ100 ስለሆነ ጽሑፍሽ አይነበብበትም።

ማርታ፦ እባክሽ 120ውን ወደ 512 አትለጥጪው። ጊፍ ላይ አንድ ፒክስል ወይ ይታያል ወይ አይታይም፣ በከፊል የሚታይ የለውም። ፊደሎቹ ዙሪያ ነጭ ጥርስ ጥርስ የሚወጣው በዚህ ነው፣ በተለይ ዳርክ ሞድ ላይ። ለአማርኛ ደግሞ ይብሳል፤ «ሽ» ከ«ስ» የሚለየው አናቱ ላይ ባለችው ጭረት ነው፣ እሷ ከደበዘዘች «አደረሰሽ» «አደረሰስ» ሆኖ ይነበባል።

በ512 በ512 ሸራ ላይ እንደገና ሥሪውና ፍሬም በፍሬም በፒኤንጂ (ትራንስፓረንት በሚይዝ የምስል ፋይል) አውጪው። በሰከንድ 15 ፍሬም ይበቃል፣ ለ3 ሰከንድ 45 ምስል ማለት ነው። አበባውና ጽሑፉ በ10 ፍሬም ይግቡ፣ 30 ፍሬም ቆመው ይነበቡ፣ በ5 ፍሬም ይውጡ፤ እየዞረ ስለሚጫወት መጨረሻውና መጀመሪያው ካልገጠሙ ይዘላል። ጽሑፉን በሁለት መስመር፣ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ባለ ፎንት በቦልድ ጻፊው። ዙሪያውን 6 ፒክስል ያህል ጠቆር ያለ መስመር ስጪው፤ ቢጫ ፊደል ነጭ ቻት ላይ ይጠፋል።

ብሩክ፦ ፒኤንጂዎቹን ኤፍኤፍኤምፔግ (FFmpeg) በሚባለው ቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዌብኤም ስትቀይሪ ኮዴኩን ሊብቪፒኤክስ-ቪፒ9 (libvpx-vp9)፣ የፒክስል ፎርማቱን ዩቫ420ፒ (yuva420p) አድርጊ። ከ«yuv» ቀጥላ ያለችው «a» ናት ትራንስፓረንቱን የምትይዘው፤ ብዙ ሰው ዩቭ420ፒ (yuv420p) ይሰጥና ተመልሶ ይጠቁርበታል። ቢትሬቱን (ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚያዘውን ዳታ) ደግሞ አስልተሽ ግቢ፦ 256 ሲባዛ በ8፣ 2048 ኪሎቢት ነው፤ ለ3 ሲካፈል በሰከንድ 682 ገደማ። 550 ላይ ብታደርጊው መተንፈሻ ይኖረዋል። ፋይሉ ከበዛ ቢትሬቱን ቀንሺ እንጂ 512ን አትንኪ፣ ስቲከር የሚቀበለው የቴሌግራም ቦት (በራሱ የሚመልስ አካውንት) ይመልሰዋል።

ፀደይ፦ 231 ኪሎባይት ሆኖ ወጣ፣ ባክግራውንዱም ተስተካክሏል። እንዴት ነው የማስገባው?

ናትናኤል፦ ስቲከርስ (@Stickers) የተባለውን የቴሌግራም የራሱን ቦት ክፈቺና ኒውቪዲዮ (/newvideo) የሚለውን ትእዛዝ ስጪ። የስብስቡን ስም ሲጠይቅሽ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ዌብኤሙን ከጋለሪ ሳይሆን በፋይል በኩል ላኪው፣ ከጋለሪ ከሄደ እንደ ተራ ቪዲዮ ሊጨመቅ ይችላል። ቀጥሎ የሚመሳሰለውን ኢሞጂ ይጠይቃል፣ የአበባዋን ላኪ፤ ሰው ያቺን ኢሞጂ ሲጽፍ ስቲከርሽ ብቅ ይላል። ከዚያ ፐብሊሽ (/publish) በይው። አይከን ሲጠይቅ ስኪፕ (/skip) በይው። መጨረሻ ላይ የሚጠይቀው አጭር ስም ሊንኩ ውስጥ ስለሚገባ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና የስር ሰረዝ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ብዙዎች በግዕዝ እየጻፉ እዚች ላይ ይቆማሉ።

ማርታ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ሌላ ቦታ መላክ ችለሽ ግሩፑ ላይ ካልቻልሽ ፋይሉን አትነካኪ፤ አድሚኑ በፐርሚሽን ውስጥ ስቲከርና ጊፍ መላክን ዘግቶት ይሆናል፣ እንዲከፍተው ንገሪው።