«ዩኒላተራል» በአማርኛ፦ የተናጠል፣ ያጋደለ ወይስ አድሏዊ?

ደብረ ብርሃን ላይ የውል ሰነድ የምትተረጉም እህታችን «ዩኒላተራል የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል በየቦታው ‹የአንድ ወገን› እያልኩ ብተረጉመው ያስኬዳል ወይ?» ብላ ጠይቃለች። አንዳንድ ቦታ ያስኬዳል፤ በየቦታው ግን አያስኬድም። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ «ዩኑስ» አንድ፣ «ላቱስ» ደግሞ ጎን ነው። የሚናገረውም ድርጊቱን የፈጸመው ከሁለቱ አንደኛው ብቻ መሆኑን ነው። ድርጊቱ ፍትሐዊ ነው ወይም አይደለም ብሎ አይፈርድም። የእኛው «የአንድ ወገን» ግን ብዙ ጊዜ ወቀሳ አዝሎ ይመጣል። «ይህ የአንድ ወገን ወሬ ነው» ሲባል የሰማ ሁሉ ወሬው ጎደሎ መሆኑን ይረዳል።

ሌላም ችግር አለው። «ወገን» በአማርኛ ጎን ብቻ አይደለም፤ ዘመድም ነው። በተለይ በመንዝና በተጉለት ርስት ሲቆጠር የኖረው በእናትም በአባትም በኩል ነበር። ሰው በእናቱ ወገን አንድ ቦታ፣ በአባቱ ወገን ሌላ ቦታ ድርሻ ይጠይቅ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያስቀረውም አነጋገሩ አልቀረም። ስለዚህ «የአንድ ወገን ውሳኔ» የሚለውን ሐረግ አንድ የመንዝ ሽማግሌ ቢሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማን ወገን?» ብሎ ነው። «ወገንተኛ» የሚለው ቃል የሚነክሰውም ለዚህ ነው፤ ለዘመዱ የቆመ ማለት ነውና። ለውል ሰነድ እንዲህ ያለ ቃል አይሆንም።

እኔ የምመክረው ቃሉን ከመምረጥ በፊት ሁለት ነገር መለየትን ነው። ነገሩን ያደረገው ማን ነው? የጠቀመውስ ማንን ነው? እነዚህ ሁለቱ ሲደባለቁ ነው ትርጉም የሚበላሸው። የራሳችን አገር ታሪክ ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከደብረ ብርሃን አጠገብ በምትገኘው ልቼ፣ በ1870 ዓ.ም. ምኒልክ ለአፄ ዮሐንስ ገብተው ንጉሠ ነገሥት መባሉን ሲተዉ፣ ዮሐንስም በበኩላቸው የሸዋ ንጉሥነታቸውን አጽድቀውላቸዋል። ስምምነቱ ሁለት ተዋዋዮች ነበሩት፤ ክብደቱ ግን ወደ አንደኛው ያጋደለ ነበር። «ዩኒላተራል» ሊባል አይችልም። በአንጻሩ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌን ውል እንይ። የአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ አማርኛ «ይቻላቸዋል» ሲል ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ምኒልክም ክርክሩ መላ ሲያጣ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቁ። የጣልያንን ፈቃድ አልጠየቁም። እርምጃው በእንግሊዝኛው ትክክለኛ ትርጉም «ዩኒላተራል» ነው፤ አድሏዊ ነው የሚል ኢትዮጵያዊ ግን አይገኝም። አንጎለላ ላይ የተወለዱት ንጉሥ የወሰዱትን ያንን እርምጃ በአማርኛ ስጽፍ «በተናጠል አፈረሱት» እላለሁ።

«የተናጠል» ከ«ነጠለ» የወጣ፣ ፍርድ የሌለበት ንጹሕ ቃል ነው። ጋዜጠኞቻችንም ለምደውታል፤ በሰኔ 2013 ዓ.ም. የታወጀው «የተናጠል የተኩስ አቁም» በሁሉም ጆሮ ገብቷል። አንድ ወንድማችን «‹የሁለትዮሽ›ና ‹የሦስትዮሽ› ካልን ‹የአንድዮሽ› ለምን አንልም?» ሲል ሞግቷል። ሐሳቡን አከብራለሁ፤ ግን አልቀበለውም። «የሁለትዮሽ» ውስጥ አብሮ መሆን አለ፤ ብቻውን የቆመ ሰው ከማን ጋር «ዮሽ» ይሆናል?

አሁን ወደ «ሎፕሳይድድ» ልምጣ፤ ይህን ቃል ከሁሉ ይልቅ እወደዋለሁ። እንግሊዞች መጀመሪያ የተናገሩት ወደ አንድ ጎኗ ስላዘነበለች መርከብ ነበር። እኛ ባሕር ባይኖረንም ቃሉ አለን። ገብስ የጫነች አህያ ወደ ገበያ ስትወርድ አንደኛው ጆንያ ከሌላው ከከበደ ጭነቱ ቀስ እያለ ወደ ሆዷ ይዞራል። ከኋላ የሚነዳው ሰው «አጋደለ!» ብሎ ይሮጣል፤ በትከሻው ደግፎ ጭነቱን ይመልስና መጫኛውን እንደገና ያጠብቃል። «ያጋደለ» ማለት ይኸው ነው፤ ሁለቱም ጎኖች አሉ፣ ክብደታቸው ግን አልተካከለም። ለቤትና ለአጥር «ዘመመ» ይባላል፤ ለተጣመመ ነገር «ተንጋደደ»። ለእግር ኳስ ውጤት ግን «ያጋደለ ድል» የሚል ሰው የለም፤ ሰባት ለባዶ የተጠናቀቀ ጨዋታ «በሰፊ ልዩነት» የተሸነፉበት ነው። አደራ፣ «ሚዛን የሚደፋ» የሚለውንም እዚህ አታስገቡት፤ እሱ ምስጋና ነው፤ ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ማለት ብርቱ ማስረጃ ነው።

ዳኛ ወይም ጋዜጠኛ ሲያዳላ ደግሞ «አድሏዊ» ነው። ይህ ቃል ከግእዝ «አድለወ» የመጣ ነው፤ ሥሩ «ደለወ»፣ መዘነ ማለት ነው፤ ሚዛኑም «መዳልው» ይባላል። አድልዎ ሚዛኑን ወደ አንዱ ማስደፋት ነው። እንዲህ ያለ ሥር ያለው ቃል እያለን «ባያስድ» የሚለውን በፊደላችን እየጻፉ ማለፍ ያሳዝነኛል።

«ፓርሻል» ሁለት ፊት አለው፦ አንዱ «ከፊል»፣ ሌላው «አድሏዊ»። የፀሐይ ግርዶሽ ከፊል ሊሆን ይችላል፤ አድሏዊ ሊሆን አይችልም። በሕክምና ጽሑፍ «ዩኒላተራል» ሲመጣ «በአንድ ጎን ብቻ» ይበቃል። ፍርድ ቤት ተከራካሪው ሳይቀርብ ጉዳዩን ሲያይ የተለመደው አነጋገር «በሌለበት» ነው። ወጣቶች «የአንድ ወገን ፍቅር» ሲሉ ግን አትንኩባቸው፤ እዚያ ቦታ ወቀሳውም ኀዘኑም ተገቢ ነው።

እህቴ፣ አንዱ ተዋዋይ ውሉን ለብቻው ስለሚያቋርጥበት ሁኔታ የሚናገረው የላክሽው የውል አንቀጽ ላይ «የተናጠል»ንም ባትጠቀሚ ይሻላል። ሕግ ሲሆን ነገሩን ዘርዝሮ መናገር ከአንድ ቅጽል ይበልጣል። እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ማንኛውም ተዋዋይ የሌላውን ፈቃድ መጠየቅ ሳያስፈልገው፣ አስቀድሞ በጽሑፍ በማስታወቅ ውሉን ማቋረጥ ይችላል»። «ወገን»ም የለበትም፣ «ተናጠል»ም የለበትም፤ የእንግሊዝኛው ሐሳብ ግን ሳይጎድል አለ።