አዳማ ላይ በአቅማችን የሚገዛ ያገለገለ መኪና፣ ምን ትላላችሁ?

ጠያቂዋ፣ ከዳላስ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች እንዴት ናችሁ። እኔና ባለቤቴ ከክረምቱ በኋላ ጠቅልለን አዳማ ልንገባ ነው፣ ቤታችን ቦኩ አካባቢ ነው፣ ሁለት ልጆች ስላሉን መኪና የግድ ነው። ብዙ ብር ግን የለንም፣ አብዛኛው ቤቱን ለመጨረስ ነው የሄደው። ወንድሜ እዛው ስላለ በቴሌግራም የቶዮታ ቪትዝና የቶዮታ ያሪስ ፎቶ ይልክልኛል፣ ሁሉም ያብረቀርቃል፣ ሁሉም "በሴት የተያዘ፣ ንክች ያላለ" ነው። ዋጋውን እዚህ በለመድኩት ሳሰላው ደግሞ ያዞረኛል፣ የሀያ አመት መኪና በዚህ ብር? እናንተ ገብታችሁ እየኖራችሁ ያላችሁ ምን ትመክሩናላችሁ? ኤሌክትሪክ ግዙ የሚሉንም አሉ።

መላሽ፣ ከአዳማ፦

እህቴ እንኳን ወደ ሀገራችሁ በሰላም አመጣችሁ ልበል ቀድሜ። እኔም ከዛው ነው የመጣሁት፣ አሁን አዳማ ከገባን ቆየን።

መጀመሪያ የአሜሪካውን ሂሳብ እዛው ተዪው። እዛ መኪና አንዴ ከሻጭ ግቢ ከወጣ ዋጋው መውረድ ይጀምራል፣ እዚህ ግን ሰው መኪና የሚገዛው ለመንዳት ብቻ ሳይሆን ብሩ እጁ ላይ እንዳይሟሟበትም ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እንደ እድሜው እስከ 500 በመቶ ድረስ ጫነበት፣ አሮጌ መኪና ከውጪ መምጣቱ ያኔ ነው የደረቀው፣ ከዛ በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ፣ የዛኑ አመት ሀምሌ ላይ ደግሞ የብሩ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀና ያው የሆነውን ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ሀገር ውስጥ ያለው ቪትዝና ያሪስ ያለው ብቻ ነው፣ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው የሚኖረው። ትንሽ ልጠብቅ ይረክሳል የሚለውን ሀሳብ እኔ አልመክርም፣ ግን ደግሞ "ነገ ይጨምራል ቶሎ በሉ" የሚል ደላላም አያሯሩጣችሁ።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፣ እዚህ ስትገዢ መጀመሪያ ወረቀቱን እይ፣ ቀጥሎ አካሉን፣ ሞተሩን ሶስተኛ፣ ሞዴልና አመተ ምህረት መጨረሻ። ሰው ገልብጦ ነው የሚያደርገው፣ ኮፈን ይከፍታል፣ ሞተሩን ይሰማል፣ "ኧረ ይሄማ ሰዓት ነው" ይልና ቀብድ ይከፍላል። የቪትዝ ሞተር የትም ሰፈር የሚሰራ አታጪም፣ ካስፈለገም ይቀየራል። እግድ ያለበትን ሊብሬ፣ የባለቤትነት ደብተሩን ማለቴ ነው፣ የትኛው መካኒክ ነው የሚጠግነው?

ወረቀት ስል፣ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሚሸጠው ሰውዬ ስም ነው ወይ። በውክልና ነው የምሸጠው ካለ ውክልናው "መሸጥ" የሚል ስልጣን በግልፅ የፃፈ ነው ወይ፣ አልተሻረም ወይ፣ ወካዩስ በህይወት አለ ወይ፣ ምክንያቱም ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮት ይሞታል፣ ከዛ ወራሾች መጥተው በር ላይ ቢቆሙ ምንም ማለት አትችዪም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም፣ ካላገባ ያላገባ ማስረጃውን ያምጣ፣ ይሄን ብዙ ሰው እንደ ትንሽ ነገር ያየዋል ግን ባልና ሚስት የተጣሉበት መኪና ገዝቶ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው ስንት አለ መሰለሽ። ከዛ ፋይሉ ያለበት የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ የባንክ እዳ፣ የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበት ማጣራት፣ የሻጩ ቃል አይበቃም። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ደግሞ ቀረጡ ሳይከፈል ወደ አንቺ ስም አይዞርም፣ ዋጋው ከሌላው ለይቶ ከረከሰብሽ ይሄን ጠርጥሪ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ወንድምሽ በአይኑ መኪናው ላይ አይቶ ከሊብሬው ጋር ያመሳክር፣ ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ስም ማዞር ላይ ትቆማላችሁ።

አዳማ ላይ ምርጫው ጠበብ ስለሚል ብዙ ሰው አዲስ አበባ ነው ሄዶ የሚገዛው፣ ጥሩ ነው፣ ግን ፋይሉ አዲስ አበባ ያለ ከሆነና ወደ ኦሮሚያ ማዞር ከፈለጋችሁ ከዛ ወጥቶ እስኪመጣ የራሱ ምልልስ አለው፣ ማን ነው የሚጨርሰው የሚለውን ውሉ ላይ ቀድማችሁ አስፅፉት።

አካሉ ላይ ልምጣ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ላብዛ ምክንያቱም ስለ ቪትዝ የሚነግርሽ የለም። ቪትዝ የሚለው ስም ጃፓን ውስጥ ብቻ የሚሸጥበት ስም ነበር፣ ጃፓን ደግሞ በግራ ነው የሚነዳው፣ ስለዚህ እኛ ሀገር ያለ ቪትዝ ሁሉ ሲሰራ መሪው በቀኝ ነበር ማለት ነው፣ ብዙው ዱባይ ላይ ነው ወደ ግራ ተቀይሮ የመጣው። ሁሉም መጥፎ ነው አላልኩም፣ ንፁህ አድርገው የቀየሩት ሞልቷል፣ ግን ያልሆነም አለ። ዳሽቦርዱ ጠርዝ ላይ ክፍተት ካለ፣ መጥረጊያው አሁንም ለቀኝ ነጂ በሚመች አቅጣጫ የሚጠርግ ከሆነ፣ መሪው ሲዞር ከስር የሚንኳኳ ነገር ካለ፣ ፍሬን ሲረገጥ ፔዳሉ ወደ ጎን የሚል ከሆነ፣ መካኒኩ ከስር ገብቶ የመሪውን አሳሰር ይይ። ያሪስ ግን ከገልፍ ወይ ከአውሮፓ የመጣው ከፋብሪካው በግራ መሪ የወጣ ነው፣ ለዛ ነው ሁለቱ አንድ መኪና ናቸው እየተባለ ያሪሱ ላይ ብር የሚጨመረው፣ እኔ ብሆን ጭማሪውን እከፍላለሁ።

ቀለም ያልተነካ መኪና ልፈልግ ካልሽ ግን ሳታገኚ ታረጂያለሽ። በር ላይ መጫጫር፣ ፓራፋንጎ መቀባት፣ ይሄ አያስፈራ። የሚያስፈራው ምሰሶዎቹ፣ ጣራው፣ ከኮፈኑ ስር ያሉት የሻንሲ ጫፎች ላይ ብየዳና ስቱኮ (የተጎዳ አካል የሚሞላበት) ከተገኘ ነው። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ማስጠጋት ነው፣ ስቱኮ የበዛበት ቦታ አይይዝም።

ሞተሩን በጠዋት ቀዝቅዞ እያለ አስነሱት፣ ወንድምሽ ሲደርስ ሻጩ "አሙቄ ጠበቅኩህ" ካለው በሌላ ቀን ይመለስ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ይበላል ማለት ነው፣ ነጭ ጭስ ከሞቀም በኋላ ካልቆመና የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ከሄደ ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛው ክፍል፣ ጠርጥሩ። ከዛ ከተማ ውስጥ ብቻ እንዳትሞክሩት፣ ፈጣን መንገዱ አጠገባችን አይደል እንዴ፣ ክፍያ ከፍሎ 100 ላይ አድርሶ መሪው ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ማየት ነው። አዲስ አበባ ከአዳማ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፣ ወደዛ ስትወጪ መንገዱ ቀስ እያለ ነው የሚያዳግተው፣ ደካማ ራዲያተር ያለው መኪና የሙቀቱ መርፌ የሚነሳው እዛ ላይ ነው።

ኤሲ! ይሄን እንዳትረሱ። የአዲስ አበባ ሰው ኤሲ አይከፍትም፣ ጋዙ አልቆ ኮምፕረሰሩ ደርቆ አመታት ያለፈው መኪና ላይ "ኤሲ አለው" ይላል፣ ቁልፉ ስላለ መሆኑ ነው። አዳማ ሚያዝያ ላይ ከልጆች ጋር ሆነሽ ነው የሚገባሽ። ከፍታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ንዱት።

መካኒክ የራሳችሁን ውሰዱ፣ መኪናው ተገዛም አልተገዛም ክፍያው አንድ ይሁን በሉት፣ አለበለዚያ እንዲገዛ የሚፈልገው እሱም ይሆናል። ደላላው ባመጣው መካኒክማ አይሆንም።

አንቺ ከዛ ሆነሽ የምትረጂው ነገር ደግሞ አለ። አሜሪካ ተነድቶ የመጣ ኮሮላ ወይ ራቭ ፎር ካጋጠማችሁ የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና ቁጥር ነው፣ ካርፋክስ በሚባለው የመኪና ታሪክ የሚያወጣ ድረ ገፅ ላይ ከፍለሽ አስገቢው፣ ተገጭቶ ከጨረታ የተገዛ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይወጣልሻል። አስረኛዋ ፊደል ደግሞ የሞዴሉን አመት ነው የምትነግርሽ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 7 ከሆነ 2007፣ 9 ከሆነ 2009፣ ኤ ከሆነ 2010። ቪትዝ ላይ ይሄ አይሰራም፣ የጃፓን ቁጥር አጭር ነው፣ ግን እሱም ይናገራል፣ አንድ ሺህ ሲሲው በኤስ ሲ ፒ 10 ከጀመረ የመጀመሪያው ቅርፅ ነው፣ በኬ ኤስ ፒ 90 ከጀመረ ከ2005 ጀምሮ የመጣው ባለ ሶስት ፒስተኑ ነው።

ሌላ መላሽ፣ ከአዳማ፦

ወንድሜ ጥሩ ነው ያብራራኸው ግን እኔ ትንሽ ልቃወም። ለዚች እህታችን አሮጌ ቤንዚን መኪና ምን ያደርግላታል? የራሷ ግቢ አላት፣ ቆጣሪ አላት፣ ማታ ሰክታ ጠዋት ሞልቶ ትወጣለች፣ ማደያ ሰልፍ ላይ ቆማ ልጆቿን ከትምህርት ቤት አታስቀርም። ያገለገለ ያሪስና አዲስ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋቸው እኮ እየተቀራረበ ነው። ተገጣጥሞ የሚመጣው ኤሌክትሪክ 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ነበር የተጣለበት፣ ኤክሳይዝ፣ ቫትና ሱርታክስ የሚባሉት ግብሮች ተነስተውለት ነበር የገባው። እኔ ሲጋል የሚባለውን የቻይናውን ቢዋይዲ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው የምነዳው፣ ትልቁ ባትሪው 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ቻይኖቹ በራሳቸው ፍተሻ 405 ኪሎ ሜትር ይላሉ፣ ፈጣን መንገድ ላይ ያንን አትጠብቂ፣ ግን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያደርሳል ይመልሳል። ስትሄጂ ብዙ ይበላል፣ ስትመለሺ ቁልቁለት ስለሆነ ይቆጥብልሻል። የሞተር ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ቺንጋ የለ።

የመጀመሪያው መላሽ፦

ጋሼ አልተቃወምኩም፣ አዲስ መግዛት ከቻለች እኔም ሲጋሉን ነው የምለው፣ ባትሪውም ሊቲየም ብረት ፎስፌት ስለሆነ ለአዳማ ሙቀት አይከፋም። የምፈራው ያገለገለ ኤሌክትሪክ ነው። ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው በመሳሪያ ሳይነበብ ዳሽቦርዱ ላይ 100 በመቶ ስለሚል ብቻ የገዛ ሰው አለ፣ ሞላ ማለትና ስንት ያስኬዳል ማለት እኮ ለየብቻ ነው። ከስር ድንጋይ የመታው ባትሪ ደግሞ ከላይ ቀለሙን አይተሽ አታውቂውም፣ ሊፍት ላይ መውጣት አለበት። ጋራንቲውንም ማን ነው የሚይዘው ብለሽ ጠይቂ፣ በግል ያስመጣው ነጋዴ ከሆነ እሱ ሱቁን የዘጋ ቀን ጋራንቲውም አብሮ ተዘጋ ማለት ነው። ደግሞ መብራት ለሁለት ቀን የሚሄድበት ጊዜ አለ፣ እሱንም ግምት ውስጥ አስገቢ።

ሱዙኪ ዲዛየርንም እንዳትረሺ እህቴ፣ 1.2 ሊትር ነው፣ ቤንዚን አይበላም፣ ግን ብዙው ራይድ፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ፣ የሰራ ነው፣ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ሆኖ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ የሹፌሩ ወንበር ከሰመጠ ቁጥሩን አትመኚው። የቻይናው ሊፋን ዋጋው ያጓጓል፣ ስትሸጪው ግን ገዢ ትፈልጊያለሽ።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ አዲሱ ኤሌክትሪክ ላይ አቅማችን አይደርስም መሰለኝ፣ ያሪስ ወይ ደህና ቪትዝ ላይ ነን። አንድ ጥያቄ፣ ወንድሜ በስሜ እንዲገዛ ውክልና ከዚህ ልላክለት ወይስ በራሱ ስም ገዝቶ ስመጣ ያዙርልኝ?

የመጀመሪያው መላሽ፦

በሱ ስም ከተገዛ ስም ማዞሪያውን ሁለቴ ነው የምትከፍሉት፣ ለቤተሰብም ጥሩ አይደለም፣ ወንድምሽን ስለማላምነው አይደለም። ውክልናውን ኤምባሲ ወይ ቆንስላ አስፈፅሚ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል፣ ከዛ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል፣ ይሄ ሁሉ ሳያልቅ ቀብድ እንዳይከፍል። ዜግነት ከቀየርሽ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያሽን ኮፒ አብረሽ ላኪ። ብሩንም በካሽ አይስጥ፣ በባንክ፣ ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው አካውንት ውስጥ፣ ውሉ በሚፈረምበት ቀን።

ጠያቂዋ፦

አሁን ወንድሜ አንድ ቪትዝ አይቶ የሻንሲውን ፎቶ ልኮልኛል፣ ቀይ ነው፣ ኤሲው ይሰራል፣ መካኒኩም ወዶታል። ማስታወቂያው 2007 ሞዴል አንድ ሺህ ሲሲ ይላል፣ ቁጥሩ ግን በኤስ ሲ ፒ 10 ነው የሚጀምረው።

የመጀመሪያው መላሽ፦

ያ ቅርፅ 2005 መጀመሪያ ላይ ነው ማምረት ያቆሙት፣ 2007 ሊሆን አይችልም። መኪናው ራሱ ደህና ሊሆን ይችላል፣ ሊብሬው ላይ የተሰራበት ዘመን ስንት እንደሚል ይጠይቅ። ሊብሬውም 2007 ካለ ይተወው። ሊብሬው ትክክለኛውን ፅፎ ደላላው ብቻ ከሆነ የጨመረው፣ በአሮጌው ቅርፅ ዋጋ ይደራደር፣ ሌላ ያሪስ ሞጆ ላይ አለ ብለውኛል፣ ቅዳሜ ሄጄ አየውና ፎቶውን እልክልሻለሁ።