የአባቴ የደም ስር «ደርቋል» ተባለ፤ በአልትራሳውንድ ሊለካ ይችላል?

ጠያቂ፣ ከጅማ
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። የጅሬንን ዳገት እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ዛሬም በእግራቸው ይወጣሉ። ባለፈው ሳምንት ግፊታቸው 168 በ66 ሆነ። ሐኪሙ «የደም ስራቸው ደርቋል፣ ዕድሜ ነው» አለና ሸኘን። አባቴ ተዘግቷል ማለት መስሏቸው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ይሄ ነገር በምስል ታይቶ በቁጥር ይታወቃል?

መልስ 1
እህቴ፣ መጀመሪያ አባባን አረጋጊያቸው። መድረቅና መዘጋት አንድ አይደሉም። እኔ አልትራሳውንድ ክፍል ነው የምሠራው፤ እንዲህ በአንድ ቃል ሰው አስደንግጦ መሸኘት ያናድደኛል።

ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ስር፣ አኦርታ፣ ግድግዳው ውስጥ ኢላስቲን የሚባል እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ነገር አለ። ልብ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ትመታለች። በ70 ዓመት ውስጥ ያ ላስቲክ ይደክማል፣ ይበጣጠሳል። ብዙም የማይለጠጠው ኮላጅን የሚባል ነገር ይበዛል። ጤነኛው አኦርታ ልብ ደም ስትረጭ ይለጠጣል፤ ስታርፍ ደግሞ ተመልሶ ደሙን ይገፋል። የደረቀው ይህን አይችልም። የላይኛው ግፊት ወጥቶ የታችኛው የሚወርደው ለዚህ ነው።

አዎ፣ ይለካል። የልብን ምት የሚመዘግበው ኢሲጂ ተገጥሞ፣ የምቱ ሞገድ አንገትና ብሽሽት ላይ የሚደርስበት ሰዓት በዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰትን በሚያሳየው አልትራሳውንድ፣ ይያዛል። በሁለቱ መሀል ያለውን ርቀት በልብስ ሰፊ ሜትር እንለካለን። 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለማስተካከያ በ0.8 ይባዛል፤ 48 ይሆናል። ሞገዱ ብሽሽት ላይ ከአንገቱ 40 ሚሊ ሰከንድ ከዘገየ ፍጥነቱ በሰከንድ 12 ሜትር ነው። ከ10 ካለፈ ደርቋል ይባላል። በደረቀ ቧንቧ ሞገዱ ይፈጥናላ!

አንድ ነገር፦ ከመለካቱ በፊት ለ3 ሰዓት ቡናም ሲጋራም የለም። ጫትም ይቅር። 10 ደቂቃ ጋደም ይበሉ።

መልስ 2
ሜትሩ ላይ ልጨምር። አኦርታ ሲያረጅ ይረዝማል፣ ይጠመዘዛል። ከላይ በሜትር ስትለኪው ይህ አይታይም። በማግኔት ምስል የሚያነሳው ኤምአርአይ ግን የአኦርታውን ቅስት ራሱን ተከትሎ ርቀቱን ይለካል፣ የደሙንም ፍሰት ያያል። ውድ ነው እንጂ ጥሩ ነው። ለጊዜው ግን ግፊታቸው በሕክምና ይውረድ፤ የሚጎዳቸው እሱ ነው።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያን ቀን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተው ነበር የሄዱት! ዛሬ ጠዋት ሳይጠጡ፣ ጋደም ብለው ለካናቸው፤ 154 በ68። አሁንም ከፍ ያለ ነው፤ ለሰኞ ቀጠሮ ይዘናል። አለመዘጋቱን ስነግራቸው «ታዲያ ቡናው ይፈላ» አሉኝ።