የአሜሪካ አብራሪዎችን የሪዝ ወር በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር

ውድ አባላት፣ ስለ አሜሪካ አየር ኃይል አንድ ዓመታዊ ልማድ አጭር ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። የኃይሉ አባላት በየዓመቱ ማርች ሲገባ ሪዛቸውን ያሳድጋሉ፤ ይህንም የሚያደርጉት በቬትናም ጦርነት ስመ ጥር የነበረውን አብራሪ ሮቢን ኦልድስን ለማሰብ ነው። ነገሩ ጨዋታ ያለበት ነው፤ ማን እንዳማረበት፣ የማን ሪዝ እንደ ሳሳ እየተያዩ ይሣሣቃሉ። ታዲያ ይህን «የሪዝ ዝክር» ልበለው ወይስ «የሪዝ በዓል»? «ሪዝ» የሚለውስ ቃል ራሱ ይበቃልን?

ምላሽ፣ ከአንድ የአማርኛ መምህር

ስለ «ሪዝ» ብዙ አይጨነቁ። አንዳንድ ሰው ጺሙንም ጨምሮ ሪዝ ሲል ይሰማል፤ ከላይኛው ከንፈር በላይ የሚበቅለውን ለይቶ ለመጻፍ ግን ከዚህ ያጠረ ቃል አላገኝም።

«ዝክር» ግን አይሆንም። ቃሉ የመጣው አሰበ ማለት ከሆነው ከግእዙ «ዘከረ» ቢሆንም፣ በጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች ዝክር ሲባል ከማሰብ ይልቅ ቀድሞ የሚታየን ዳቦውና ጠላው ነው። በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ23 ጊዮርጊስን የሚዘክር ሰው ድኃ ያበላል፣ ጎረቤት ይጠራል፤ የሚዘከረውም መልአክ፣ ጻድቅ ወይም ሰማዕት ነው። ለሞተ ዘመድ የሚደገሰው ደግሞ ተዝካር ይባላል። ከአለቆቹ ጋር ሲነታረክ የኖረ የጦር አብራሪ ከሁለቱም ማዕድ አይቀርብም። «በዓል» ደግሞ ሥራ የሚፈታበት ቀን ይመስላል፤ እነዚህ ሰዎች ሪዛቸውን ይዘው ሥራቸው ላይ ናቸው።

እኔ «ፉከራ» እላለሁ፤ ምክንያቴም የሪዙ ታሪክ ነው። ኦልድስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 12 የጠላት አውሮፕላኖችን የጣለ፣ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ታይላንድ ውስጥ ኡቦን ላይ የሰፈረውን 8ኛውን ተዋጊ ክንፍ (ክንፍ የአየር ኃይል ክፍል ነው) ያዘዘ ኮሎኔል ነበር። ጃንዋሪ 2 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ኦፕሬሽን ቦሎ፣ የእርሱ ኤፍ-4 ተዋጊዎች ቦምብ የሚጥሉትን ኤፍ-105 አውሮፕላኖች መስለው፣ በእነርሱው መንገድና በእነርሱው የሬድዮ መጠሪያ ስለ በረሩ፣ የሰሜን ቬትናም አብራሪዎች ቀላል አደን ያገኙ መስሏቸው ወጡ፤ አሜሪካኖቹም 7 ሚግ-21 የጠላት ተዋጊ አውሮፕላኖችን እንደ ጣሉ መዘገቡ። ከእነዚህ አንዱን የጣለው ራሱ ኦልድስ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ሜይ ውስጥ 3 ጨምሮ የሁለቱን ጦርነቶች ድምር 16 አድርሶታል።

ሪዙን ያሳደገውም በዚሁ ዘመቻ ወቅት ነው። የጊዜው ደንብ ከአፍ ማእዘን ያለፈ ሪዝ ስለማይፈቅድ፣ ጫፎቹን በሰም አሹሎ ወደ ጎን መዘርጋቱ ከሩቅ ሆነው ለሚያዝዙት አለቆች የተሰነዘረ ነቆራ ነበር፤ በሥሩ የነበሩትም አብራሪዎች ወደዱለት። አገሩ ሲመለስ የአየር ኃይሉ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ጆን ማክኮኔል ጣታቸውን ከአፍንጫው ሥር ደቅነው እንዲላጨው አዘዙት፤ እርሱም ታዘዘ። በ2014 እ.ኤ.አ. ግን በዚያው ወንበር የተቀመጡት ጄኔራል ማርክ ዌልሽ ራሳቸው፣ መላው አየር ኃይል በሪዝ እንዲፎካከር ጥሪ አቀረቡ። ኦልድስ በ2007 እ.ኤ.አ. ስላረፈ፣ በአለቃ ትእዛዝ የተላጨው ሪዝ በአለቃ ጥሪ ሲበቅል ለማየት አልታደለም።

በእኛም አገር ጀግና የሚወደሰው በጸሎትና በዝምታ ብቻ አልነበረም። ጠጁ ሲዞር በግብር አዳራሽ ተነሥቶ «ዘራፍ!» የሚለው ወታደር ግዳዩን ይቆጥራል፣ የጌታውን የፈረስ ስም እየጠራ ይኮራል፤ ሽልማት የቀረበት እንደ ሆነም ቅሬታውን በዚያው ይወረውራል። ለጎጃም ሰው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት «አባ ጠና» እና የበላይ ዘለቀ «አባ ኮስትር» ዛሬም ጆሮ የሚያቆሙት በዚህ ዐይነቱ ቃል ውስጥ ስለ ኖሩ ይመስለኛል። ክብርና ነቆራ አንድ ላይ የሚሄዱበት ሌላ ቃል የለንም።

ተቃውሞ፣ ከአንዲት አባል

መምህር፣ አክብሮቴ እንደ ተጠበቀ ሆኖ አልስማማም። ፉከራ የአፍ ነገር ነው፤ ያለ ግጥም፣ ያለ ድምፅ፣ ያለ ጦር ነቅናቂ ፉከራ የለም። ፎካሪው የሚቆጥረውም በአብዛኛው የራሱን ግዳይ ነው፤ እነዚህ ወጣቶች ግን ዝም ብለው የሌላውን ጀግንነት ፊታቸው ላይ ለጥፈዋል። በዚያ ላይ ቃሉ ዛሬ ጥላ አለበት፤ «አካኪ ዘራፍ አለ» ሲባል የሚታሰበን በትንሽ በትልቁ የሚገነፍል ሰው እንጂ ጀግና አይደለም።

እኔ የምመርጠው «ጎፈረ» የሚለውን ግሥ ነው። ጎፈር የአንበሳ ጋማ ነው፤ ጎፈሬ ደግሞ ሳይቆረጥ ያደገ የሰው ጸጉር። በጣልያን ወረራ ዘመን በዱር የኖሩት አርበኞች ጸጉራቸውን ምን ያህል እንዳጎፈሩ በጊዜው ፎቶግራፎች ይታያል። ሚያዝያ 27 ቀን በአርበኞች ቀን ሰልፍ ላይ የሚደፋው ጎፈርም፣ በየካቲት 23 የዓድዋ በዓል ወጣቱ የሚያጠልቀው ሰው ሠራሽ ጎፈርም እንዲሁ የቀደመውን ሰው ጀግንነት በራስ ላይ መሸከም ነው፤ በዚያም ቢሆን ሣቅ አይጠፋም። እንግዲህ ጸጉርንና ጀግንነትን አንድ ያደረገ ቃል በቤታችን እያለ ለምን ሩቅ እንሄዳለን? «ሪዝ ማጎፈር» ይበሉት።

መልስ፣ ከመምህሩ

ለድርጊቱ «ማጎፈር» ያማረ ነው፤ ይሁን። የጽሑፉ መንፈስ ግን ያለ ፉከራ እንዳይቀር አደራ እላለሁ፤ ቢያንስ «ይፎካከራሉ» የሚለው ግሥ አንድ ቦታ ይግባ፤ ፉክክርና ፉከራ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸውና።

የቀረው የወሩ ስም ነው። «የመጋቢት ሪዝ» ብለው እንዳይጽፉ። ማርች የሚገባው የካቲት 22 ሲሆን የሚወጣው መጋቢት 22 ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 9 ቀናት የየካቲት ናቸው፤ ዓድዋም በልማዱ ሁለተኛ ቀን ላይ ይውላል። ወር ሳይጠሩ «የሪዝ ሰሞን» ቢሉ ይሻላል፤ ሰሞን ጠባብ ልክ የሌለው፣ እንደ ፋሲካ ሰሞንና እንደ አጨዳ ሰሞን የሚመጣና የሚያልፍ ጊዜ ነው።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ርእሱን «የሪዝ ሰሞን» አድርጌ፣ መግቢያውን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «የአሜሪካ አየር ኃይል አባላት ከየካቲት 22 እስከ መጋቢት 22 ድረስ ኮሎኔል ሮቢን ኦልድስን እያሰቡ ሪዛቸውን ያጎፍራሉ፤ በርዝመቱና በጫፉ ሹለትም እርስ በርሳቸው ይፎካከራሉ።» «ኮሎኔል» ያልሁት ሪዙን ባሳደገበት ዘመን የነበረውን ማዕረግ ይዤ ነው፤ በኋላ ብርጋዴር ጄኔራል መሆኑን በሁለተኛው አንቀጽ አስገብቻለሁ።