ሩዝ ከችግኝ መደብ ወደ ማሳ ሲዛመት፦ ለጋ ችግኝ ወይስ የጠና?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። ውሃ በሚተኛበት ማሳ ሩዝ ለሚያለማ ገበሬ «ከ8 እስከ 12 ቀን የሆነውን ለጋ ችግኝ አንድ በአንድ፣ 25 በ25 ሴንቲሜትር አራርቀህ ትከል» ብሎ መምከር ልክ ነው? ወይስ ሦስት ሳምንት አልፎት የጠናውን ሁለት ሦስት እያደረጉ መትከል ይሻላል? የመጀመሪያው ምክር ማዳጋስካር ውስጥ በ1980ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ከዳበረ ዘዴ የመጣ ነው።

ዛላ፦ እኔ ከለጋው ጋር ነኝ። ሩዝ የጎን ቡቃያ ማውጣት የሚጀምረው አምስተኛው ቅጠል ብቅ ሲል አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ካዛመትከው (ከመደብ ነቅለህ ማሳ ላይ ከተከልከው) ሥራውን ማሳ ላይ ይጀምራል። መደብ ላይ ተጨናንቆ 30 ቀን የከረመው ግን የታችኞቹን ቡቃያዎች እዚያው ያስቀራቸዋል። ስትነቅለው ሥሩ ይበጣጠሳል። ከዚያ ቢጫ ሆኖ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ፈዞ ይቆያል።

ረግረግ፦ ወረቀት ላይ ያምራል። 10 ቀን የሆነው ችግኝ ቁመቱ ስንት ነው? ማሳው በደንብ ካልተደላደለ ጎድጓዳው ላይ ያለው ይሰጥማል። አንድ ሌሊት ዶፍ ከወረደ አለቀለት። ቀንድ አውጣም የሚወደው ለጋውን ነው። ለብቻው የተተከለው ሲሞት ቦታው ባዶ ይቀራል። ሦስት ከነበሩ ቢያንስ አንዱ ይተርፋል።

ቦይ፦ በዕድሜው ብቻ ተያያዛችሁ እኮ። እስቲ ርቀቱን እናስላው። 20 በ20 ሲተከል በካሬ ሜትር 25 ቦታ ይወጣል፤ 25 በ25 ሲሆን 16። በካሬ ሜትር 300 ዛላ (ፍሬ የሚይዝ ራስ) ከፈለግህ የመጀመሪያው ከየቦታው 12 ይበቃዋል፤ ሁለተኛው ወደ 19 ማውጣት አለበት። ለም መሬት ላይ፣ ቡቃያ የሚያበዛ ዝርያ ከሆነ ያወጣል። የደከመ መሬት ላይ ግን ክፍተቱን የሚሞላው አረም ነው።

ዛላ፦ የዘሩንስ ነገር? በዚህ ዘዴ ለሄክታር ከ5 እስከ 8 ኪሎ ይበቃል። በብተና ሲሆን 80 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚዘራ አለ።

ረግረግ፦ ከዘር ያተረፍከውን ለአራሚ ትከፍለዋለህ! ዘዴው ማሳውን እያጠጡ እያደረቁ ነው የሚለው። ውሃው የሚተኛው አንዱ ጥቅሙ አረሙን ማፈኑ አይደል? ደግሞስ በዝናብ ብቻ የሚለማ ረባዳ መሬት ላይ ውሃውን ወዴት ታፈሰዋለህ?

ዛላ፦ እሺ፣ ውሃ ማፍሰስ በማይቻልበት አልከራከርም። ግን ዝናብ ዘገየ እየተባለ 40 ቀን መደብ ላይ የሚቆየውስ?

ቦይ፦ እሱ በዝርያው ይወሰናል። የቀኑን ርዝመት ጠብቀው የሚያብቡት መዘግየቱን ይችሉታል። በ110 ቀን የሚደርሰው ግን ከዕድሜው ሲሶ በላዩን መደብ ላይ ጨረሰ ማለት ነው። እኔ ብሆን ዘሩን በ10 ቀን ልዩነት ሁለት መደብ ላይ እዘራለሁ። ዝናቡ ሲመጣ የደረሰውን አነሳለሁ። ስተክልም ከ3 ሴንቲሜትር በላይ አልቀብረውም፤ ጠልቆ የተተከለ ቡቃያ ለማውጣት ይዘገያል።

ረግረግ፦ ሁለት መደብ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ዝናቡ ዘገየ እያልን ለሁለተኛው መደብ ውሃ ከየት ይመጣል?

ቦይ፦ ደረቅ መደብ አለ እኮ። ውሃ አይተኛበትም፣ በባልዲም ይጠጣል። ችግኙ አጠር ብሎ ጠንካራ ይሆናል፤ ሲነቀል ግን ሥሩ እንዳይበጠስ ቀድመህ ማራስ አለብህ።